ማካዚ ሳይቀምሱ የማይቆረጥ

ቺታንዳኒ መንደር፣ ቬንዳ
ዲሴምበር 2 ቀን 2018

ለተከበሩት ማካዚ ቺናካሆ፣

ንዳ። እንደ ወጋችን ተንበርክኬ፣ መዳፎቼን አጋጥሜ ሰላምታዬን አቅርቤያለሁ። ወረቀት ላይ አይታይም እንጂ ይህን ስጽፍ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አፈር አለው።

«አሥራ ሦስት ዓመት ዝም ብለህ ዛሬ ምን ፈልገህ ነው ሰላምታ የምትልክብኝ?» ብለው የጻፉት ብጣሽ ወረቀት በአውቶቡስ ሹፌሩ በሙዳው እጅ ደረሰኝ። እውነትዎን ነው፣ ፈልጌ ነው። ከፍላጎቴ በፊት ግን ስለ ጉልበትዎ ላንሳ። ሙዳው የቤትዎን ደረጃ ሲወጡ አይቶዎት በየሁለት እርከኑ ቆመው ግድግዳውን ይሰድባሉ አለኝ። አያቴ ጉልበቷን ሲያማት ከፍየሎቹ ጋጣ ጀርባ የምታበቅለውን ምባንዤ በስብ አፍልታ ትቀባው እንደነበር እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ያኔ በድብቅ ነበር። ባለፈው ሴፕቴምበር ግን ትልቁ ፍርድ ቤት፣ ሰው በገዛ ግቢው ለራሱ ካናቢስ ቢያበቅል ወንጀል አይደለም ብሏል። መሸጥ የለም፣ ከግቢ ማውጣትም የለም። ስለዚህ ቅባቱን ልልክልዎት አልችልም፤ እዚሁ መጥተው ነው የሚቀቡት።

የምሠራበት የማካዴሚያ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ስድስት ፍሬ ዘር ሰጠኝ። የአያቴ ዓይነት አይደለም። የእሷ ሰባት ወር ይፈጅ ነበር፣ ከአጥር በላይ ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ይላል። ይሄኛው አጭር ነው፣ ከወገብ ብዙም አያልፍም። ቀኑ ረዘመ አጠረ ብሎ ፀሐይን አይጠይቅም፤ ዕድሜውን ራሱ ቆጥሮ፣ አንድ ወር ሲያልፈው ያብባል፣ በሰባ አምስት ቀን ገደማ ይደርሳል። አምስቱን እዚህ እዘራለሁ። ስድስተኛዋ በዚህ ፖስታ ጥግ ላይ በሰም ተጣብቃለች፤ የእርስዎ ናት።

አሁን ወደ ፍላጎቴ ልምጣ። ማኤሙ የምትባል ልጅ አለች። ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ትሠራለች፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ በሽታ ታውቃለች፣ አንዱንም አትናገርም። ላገባት እፈልጋለሁ። አጎቷ ዘንድ ሄጄ ነበር። «የአባትህ እህት ሳትመጣ የማን ልጅ ብለን እንስጥህ? ማካዚ የሌለው ቤት በር የሌለው ቤት ነው። እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ» አለኝ።

ዘንድሮ ከቤታችን ምርት ቀድሞ የሚደርሰው ይሄ ተክል ነው፣ ከበቆሎውም ይቀድማል። እርስዎ መጥተው ሳይቀምሱት ማንም አይቆርጠውም። አባቴ የሠራውን እኔ አልደግመውም።

የወንድምዎ ልጅ
ንድዋማቶ


ኬፕ ታውን
ዲሴምበር 10 ቀን 2018

ንድዋማቶ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። የሰደብኩትም ግድግዳውን አይደለም፣ ሙዳውን ነው።

ዓሣ አጥማጅ መንጠቆው ላይ ትል ያደርጋል፤ አንተ ደግሞ የገዛ ጉልበቴን አድርገህ ልታጠምደኝ መጣህ። ብልጥነትህ የአባትህ ነው። ለጥያቄህ መልሴ «አልመጣም» ነው።

«አባቴ የሠራውን» ብለህ ጽፈሃል። ምን እንደሠራ በደንብ ነግረውሃል? የዓመቱን የመጀመሪያ ፍሬ የአባት እህት ሳትነክሰው ቤተሰቡ አይቀምስም። ይሄ እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም። በዚያ ዓመት ልነክስ ከኬፕ ታውን ድረስ መጣሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ አባትህ በር ላይ ቆሞ እሸት ይግጣል። የበቆሎው ፀጉር ጢሙ ላይ ነበር። «ኧረ ቺና፣ ዘገየሽ እኮ» አለኝ እያኘከ። ሻንጣዬን መሬት ሳላስነካ በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ። አንተ በሩ ላይ ተንጠልጥለህ ታየን ነበር።

አልመጣም። ነገር ግን የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ፤ ዘሩን እንደምታበላሸው ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም። እናቴ የምትሠራውን ይጻፉልኝ ብትለኝ ይሻል ነበር፣ አላልከኝም፣ እኔ ግን እጽፍልሃለሁ። በጣሳ ዝራው። አምስት ቅጠል ሲያወጣ አናቱን በጥፍርህ ቁረጠው፣ ጎን ለጎን እንዲሰፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገመው። ጃንዋሪ ላይ ጨረቃ ስትሞላ ከጣሳው አውጥተህ መሬት ላይ ትከለው። የፍየል በጠጥ በከረጢት አስረህ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፍ፤ ቀለሙ ቀጭን ሻይ ሲመስል አጠጣው። ከዚያ ከጠቆረ አቅጥነው።

እናቴ እንደዚህ አድርጋ ከቤቱ ክዳን እኩል ታደርሰው ነበር። ተከራካሪ አልፈልግም።

ቺናካሆ


ቺታንዳኒ
ዲሴምበር 22 ቀን 2018

የተከበሩ ማካዚ፣

ንዳ። «ምን ልትመግበው አስበሃል፣ የመደብር ዱቄት እንዳታስገባ» ብለው በሙዳው በኩል ለላኩብኝ፣ የመደብር ነገር አንድም የለም። የፍየሉን በጠጥ እንዳዘዙት ዘፍዝፌያለሁ። የሙዝ ልጣጭና ግንድ ከሸንኮራ ሞላሰስ ጋር በባልዲ ውስጥ እየፈላ ነው። የእንቁላል ቅርፊት አቃጥዬ በኮምጣጤ አሟሙቻለሁ። ከግድቡ አጥማጆች ደግሞ የዓሣ ጭንቅላት ለምኜ ከሞላሰስ ጋር በርሜል ውስጥ ከድኜዋለሁ። እሱ ትንሽ ይሸታል።

ትንሽ የሚለውን ቃል ልመልሰው። የማኤሙ አጎት ባለፈው እሑድ ሳይነግረኝ መጣ። ነፋሱ ከበርሜሉ በኩል ነበር። ወንበር ሰጠሁት፣ ተቀመጠ፣ አፍንጫውን በመሀረብ ያዘ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«ውሻው ነው» አልኩት።

ውሻ እንደሌለን ያውቃል። ዙሪያውን አየና «ዕድሜ ይስጠው» ብሎ ባርኔጣውን አነሳ። ማኤሙ ይህን ስትሰማ ካርድ ክፍሉ ውስጥ እስክታለቅስ ሳቀች አሉ፣ አንድ የታመመ ሽማግሌም አብሯት ሳቀ።

ዲሴምበር 14 ቀን ዘርቼ አምስቱም በአራተኛው ቀን በቅለዋል። አራቱ በወተት ዱቄት ጣሳ ናቸው። አምስተኛዋ፣ ጣሳ ስላለቀብኝ፣ ከሙዙ ጀርባ ባለው የተበሳ የብረት ገንዳ ውስጥ ናት። ባልደረባዬ ስለዚህ ዓይነቱ ዘር አንዳንድ ነገር ነግሮኝ ነበር፣ ግን እርስዎ ካሉ ብያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ከዚያ ዓመት በኋላ እሸት በአፉ አልዞረም። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ቆርጦ በጨርቅ ጠቅልሎ ለሙዳው ይሰጠዋል፣ ለእርስዎ እንዲያደርስ። አንድ ወር መልስ ይጠብቃል። መልስ ሲጠፋ እኛን «ብሉ» ይለናል፤ እሱ ግን ቺና ሳትነክስ አልበላም ብሎ እስኪደርቅ ይጠብቃል። እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ላከ። ለቀብሩ የላኩት ብርድ ልብስ ደርሶን በእሱ ነው የሸፈንነው። እሸቱስ ደርሶዎት ነበር?

ንድዋማቶ


ኬፕ ታውን
ጃንዋሪ 3 ቀን 2019

ንድዋማቶ፣

እንኳን አደረሰህ። ስለ በቆሎው አትጠይቀኝ።

ለዚያ ለዓሣህ፦ አንድ ጣሳ ለሙሉ ባልዲ ውሃ፣ ከዚያ በላይ ካፈሰስክ ሥሩን ትቀቅለዋለህ። የማሩላ ፍሬ መርገፍ ሲጀምር ልጣጩን አትጣል፣ በዝናብ ውሃ ዘፍዝፈው። አበባ ሲያሳይ የፍየሉን ቀንስና ሙዙንና አመዱን አብዛ። አመድ በቁንጥር ነው እንጂ በአካፋ አይደለም። እናቴ ተክሉን የምትመግበው እኛን ከመገበች በኋላ ነበር፣ ከእኛ በተረፈው። ለዚህ ነው መሰለኝ ሁላችንም ቀጫጭን የሆንነው።

የማኤሙን አጎት አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለን ማንጎ ሰርቆ አባትህ ላይ ያላከከ እሱ ነው። ስሙን ስላልጻፍክልኝ ብቻ የማላውቀው እንዳይመስልህ። «በር የሌለው ቤት» አለ? የእሱ ቤት በር አለው፣ መዝጊያ ነው የሌለው። ይህን አትንገረው።

ሙዳው ያንን የምንበላውን የደረቀ የሞፓኔ ትል እንደምትልክልኝ ነገረኝ። ላክ፣ ግን ልፋቱን እወቀው፤ የፊት ጥርሴን በ2012 የበዓል ዳቦ ላይ ትቻት ስለመጣሁ አሁን በጎን ነው የማኝከው። ሙዳው ስስቅ እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ ብሎ አምቶኝ ይሆናል። እውነት ነው።

አናቱን ቆረጥከው? ቁመቱን ጻፍልኝ።

ቺናካሆ


ቺታንዳኒ
ጃንዋሪ 24 ቀን 2019

የተከበሩ ማካዚ፣

ንዳ። አዎ፣ የአራቱንም አናት እንዳዘዙት ሁለት ጊዜ ቆርጫለሁ። ሰኞ ጨረቃ ስትሞላ ከጣሳ ወደ መሬት አዛውሬያቸዋለሁ። ትእዛዝዎን አንድ በአንድ ፈጽሜያለሁ።

ቁመታቸውን ጠይቀውኛል። ሁሉም በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ። ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው። ቁመት ደግሞ፣ ማካዚ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ሰውም ቢሆን በቁመቱ አይመዘንም። ሁሉም አበባ ጀምረዋል ብዬ ልለፈው።

አንድ ጥፋት ልናዘዝ። የዶሮ ኩስ ዘፍዝፌ አንድ ቀን አወፈርኩት። የቅጠሎቹ ጫፍ ምጣድ የነካው መሰለ። ባልደረባዬ መጥቶ አየና «ይሄ ተክል ሕፃን ነው፣ በማንኪያ ነው የሚጎርሰው፣ አንተ በአካፋ ሰጠኸው» አለኝ። አሥር ቀን ንጹህ ውሃ ብቻ አጠጣሁ፣ አገገሙ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል፤ ያንን ለራሴ እየነገርኩ ነው።

ማኤሙ ሰላም ብላዎታለች። እሷም እንደ ሴቶቹ ወግ በጎኗ ተጋድማ ነው ሰላም ያለችው፣ እዚሁ ከእኔ ፊት፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች። «ማካዚህ ስንት ቁጥር ጫማ ነው የሚያደርጉት?» ብላኛለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ጃንዋሪ እያለቀ ነው። ተክሎቹ ዕድሜያቸውን ይቆጥራሉ፣ አጎትየውም ፋሲካን ይቆጥራል። ስለ መምጣት ያሉትን ደግመው ያስቡበት ዘንድ እለምናለሁ።

ንድዋማቶ


ኬፕ ታውን
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019

አንተ ውሸታም፣

«ሁሉም በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።» እንደ መንግሥት ራዲዮ ነው የምትጽፈው።

በሰም አጣብቀህ የላክሃትን ስድስተኛዋን ዘር ምን አደረጓት ብለህ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም። ብትጠይቀኝም አልነግርህም ነበር። ዲሴምበር ላይ በሻይ ጣሳ ዘርቻት ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ናት። ጎረቤቴ ቲማቲም ነው ብላ ታጠጣልኛለች። ለአንተ ያዘዝኩትን ሁሉ አደረግሁባት። አናቷን ሁለት ጊዜ ቆረጥኩ፣ ጨረቃ ስትሞላ ወደ ትልቅ ማሰሮ አዛወርኩ፣ ከሞፓኔው ትል ቅቅል ውሃም አቀመስኳት። ዛሬ ቁመቷ አንድ ስንዝር ነው። አንድ ስንዝር ሆና አብባለች። ጢም ያወጣ ሕፃን ትመስላለች። ሳያት ሳቅ ይቀድመኝና ቀጥሎ ያናድደኛል።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ይህች ተክል ማንንም አትጠብቅም። የእናቴ ተክል አናቷ ሲቆረጥ ቁስሏን ለማዳን ወራት ነበራት፤ ይህችኛዋ ግን ቁስሏን ስታስታምም ቀኗ አለቀ። ማዛወሩም እንደዚያው። ባልደረባህ የነገረህ ይህንን ነበር አይደል? አንተም እያወቅህ አናታቸውን ቆረጥህ፣ ማካዚ ተሳስታለች ማለት ነውር ነው ብለህ። የእኛ ቤት ሰው ከአፍ ቃል ይልቅ ሰብል ቢበላሽ ይመርጣል።

ስለዚህ አፌን ልክፈት። ተሳስቻለሁ። ይህን ቃል ጽፌው አላውቅም፣ ፊደሉም እንግዳ ሆነብኝ።

ከጀመርኩ ልጨርሰው። በዚያ ዓመት አውቶቡሱ አልዘገየም። እኔ ነኝ የዘገየሁት። ጆሃንስበርግ ላይ ወርጄ አንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ሰማያዊ ባርኔጣ አየሁ። ላባ ነበረው። አገሬ ስገባ ያንን አድርጌ ልግባ አልኩ። ሱቁ ዝግ ስለነበር እስኪከፈት አንድ ቀን አደርኩ። ድርቅ ነበር፣ ልጆች ርቧችሁ ነበር፣ እሸቱ ደግሞ ያ ብቻ ነበር። አባትህ አንድ ሙሉ ቀን በር ላይ ቆሞ ጠብቆኛል። ያንን ያወቅሁት ስመለስ ሙዳው ሲነግረኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልቆጣ የሚለውን ሳልወስን ወንድሜ ሞተ።

ባርኔጣውን አንድም ቀን አላደረግሁትም።

ቺናካሆ


ቺታንዳኒ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019

የተወደዱ ማካዚ፣

ንዳ። ደብዳቤዎን ማንም በሌለበት አነበብኩት፣ ከዚያ አባቴ መቃብር ላይ ሄጄ ደገምኩት። ስለ ላባው ስነግረው እሱም የሚስቅ መሰለኝ።

አዎ፣ ዋሽቻለሁ። ቁመታቸው አንድ ስንዝር ተኩል ነው፣ አራቱም። ተራ ገብተው ሲታዩ የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎች ይመስላሉ። ፍየሎቹ እንኳን ንቀዋቸው ያልፋሉ።

አምስተኛዋን ግን አልነገርኩዎትም። ጣሳ አለቀብኝ ያልኩትም ውሸት ነበር፣ ጣሳ ሞልቷል። አንዷን እንኳን ባልደረባዬ እንዳለው ላድርጋት ብዬ ነው ገንዳው ውስጥ የዘራኋት። አልተቆረጠችም፣ አልተዛወረችም። የበጠጥ ሻይ፣ የሙዝ ውሃ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ያ ዓሣ በጭላፊ። አሁን ወገቤ ጋ ደርሳለች። ቅርንጫፎቿ ከአበባው ክብደት ጎንበስ ብለዋል፣ በሸምበቆ ደግፌያቸዋለሁ። ሽታዋ የዓሣውን በርሜል አሸንፏል። ማኤሙ ከጎኗ ወንበር አድርጋ ትቀመጣለች፣ የሎሚና የርጥብ እንጨት ሽታ ነው ትላለች።

ባልደረባዬ በማጉያ መስታወት አይቷት ፌብሩዋሪ 28 ይበቃታል አለ። ከዚያ ከሦስት ከአራት ቀን በላይ አትጠብቅም፤ ዝናብ ካገኛት አበባው ውስጥ ሻጋታ ይገባል። «የመጀመሪያ ንክሻ የሚባለውን ነገር ለበቆሎው አቆየው፣ ይሄን ቁረጠው» ይለኛል። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ካልመጡ እዚያው ቆማ ትበሰብሳለች፤ ማኤሙንም ለአጎቷ መልሼ አስረክቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎት አይደለም። ትንሽ ለማስፈራራት ነው።

ንድዋማቶ


ብሉምፎንቴን፣ ነዳጅ ማደያ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2019

ልጄ ንድዋማቶ፣

ሳልነግርህ ልመጣብህ ነበር። ነገ ጠዋት በር ላይ ልታየኝ ነበር፣ ባርኔጣዬን አድርጌ። አሁን ግን አውቶቡሳችን እዚህ ቆሟል፣ ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰብሯል። የሚተካው ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል አሉ። ሌላ አውቶቡስ አሁን ሊያልፍ ነው። አንድ ወንበር ብቻ ነበረው፣ ለእኔ ሰጡኝ፣ እኔ ደግሞ ሕፃን ላዘለች ሴት ለቀቅኩላት። ይህን ደብዳቤ የዚያ አውቶቡስ ሹፌር ያደርስልሃል። ሙዳው በስልኬ ደውይለት ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሰጥም፣ በጽሑፍ ነው።

እንደገና ዘገየሁ። እንደዚያው እንደ ያኔው፣ በዚያው መንገድ። ልዩነቱ ዘንድሮ ባርኔጣው ራሴ ላይ መሆኑ ነው።

አሁን በደንብ አንብብ። ቀኗ ከደረሰ አትጠብቀኝ። ቁረጣት። እኔ ማካዚህ ቺናካሆ፣ የአባትህ እህት፣ ሳልነክስ እንድትነክሱ ፈቅጃለሁ። ለአባትህ ያልሰጠሁትን ለአንተ ሰጥቻለሁ። ይህን ለማኤሙ አጎት አንብብለት። ለሽምግልናውም እመጣለሁ፤ ማንጎውን አላነሳበትም በለው።

የጫማ ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው።

ቺናካሆ


ኬፕ ታውን፣ በእርስዎ ወጥ ቤት
ማርች 20 ቀን 2019

የተወደዱ ማካዚ፣

ንዳ። አሁን ደግሞ ዕቃዎን ጠቅልዬ ላመጣልዎት እኔ እዚህ፣ እርስዎ እዚያ። አዎ፣ ስፌት መኪናው ታስሯል። አዎ፣ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤትዎ ሰጥቻለሁ። የመስኮቷን ድንክ እሷ «ቲማቲሟን ተውልኝ» ስላለች ትቼላታለሁ።

«እነዚያን ሁለት ቀን ለምን አልቆረጣችሁም፣ ፈቅጄ አልነበር?» ብለው የጠየቁኝን እዚያ ሁሉም ባለበት መመለስ አፈርኩ። ደብዳቤው በሰዓቱ ደርሶናል። በር ላይ ለሁሉም አነበብኩት፤ የማኤሙ አጎትም ነበር። ማንጎው ጋ ስደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። አንብቤ ስጨርስ ሰማዩ ጠቆረ። ባልደረባዬ ቢላዋ አቀበለኝ። አጎትየው ቢላዋውን ከእጄ ወሰደና «ፈቃድ ያላት ሴት ፈቃድ ሰጠች። እኛ ደግሞ የመጠበቅ ፈቃድ አለን» አለ። ሸራ አመጣን። ነፋሱ እንጨቱን እየነቀለ ስላስቸገረን አራት ሰው ሆነን ጫፍ ጫፉን ያዝን፣ በፈረቃ። አጎትየው በርሜሉ አጠገብ ያለው ጫፍ ደረሰው። ሁለት ቀን ሙሉ ተራው በደረሰ ቁጥር አፍንጫውን ይዞ በአንድ እጁ ቆመ፣ ጫፉን አንድም ጊዜ አልለወጠም። የሠርጉን ቀን ሲቆርጥ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ሰምተዋል፦ «ውሻችሁን እሰሩልኝ።»

ከአውቶቡስ ሲወርዱ ዝናብ ነበር፣ ላባው ወድቆ ጆሮዎ ላይ ተጣብቆ ነበር። እንደዚያ ያማረ ሰው አይቼ አላውቅም። አበባውን ነክሰው፣ ሙጫው ጥርስዎ ላይ ተጣብቆ፣ «መራራ ነው። ጥሩ ነው» ሲሉ እጅዎን አፍዎ ላይ አላደረጉም። ማኤሙ ያንን ነው ደጋግማ የምታወራው። አሁን እሷ የገዛችልዎትን ጫማ አድርገው ቅባቱን ተቀብተው እስከ መቃብሩ በእግርዎ እንደሚመላለሱ ጽፋልኛለች፤ አጎቷም ጉልበቴን አመመኝ እያለ ይመጣል አለች።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። «የባርኔጣውን ሣጥን ሳትከፍት አምጣልኝ» ብለውኝ ነበር። ባርኔጣው እርስዎ ራስ ላይ ነው፣ ሣጥኑ ባዶ መሆን ነበረበት። ሳነሳው ተንኳኳ። ገመዱ በራሱ ተፈታ ብል አያምኑኝም፤ ፈታሁት።

አሥራ አንድ የደረቁ በቆሎዎች። እያንዳንዱ በአባቴ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፣ እያንዳንዱ ላይ በክር የታሰረ ዓመተ ምሕረት በእርስዎ እጅ ጽሑፍ። ከ2006 እስከ 2016። እያንዳንዱ ላይ አንድ ንክሻ አለ። አንድ ብቻ፣ መሃሉ ላይ። ከስምንተኛው ጀምሮ ደግሞ ከንክሻው መካከል አንድ መስመር ፍሬ ሳይነካ ቀርቷል፣ የጎደለችው ጥርስ ቦታ። መጀመሪያ ያንን አይቼ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥ ቤትዎ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጎረቤትዎ ሻይ አምጥታ ምንም ሳትጠይቀኝ ሄደች።

መልስ አልጻፉለትም እንጂ ነክሰውለት ነበር። በየዓመቱ። እሱ ግን ሳያውቅ እሸት እንዳማረው ሞተ።

ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምመጣው፤ ሙዳው ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ይግባ ቢለኝ እምቢ እላለሁ። «የዘንድሮው እሸት ደርሷል፣ አንተ እስክትመጣ ሳልነክስ እጠብቃለሁ» ብለው ጽፈዋል። አይጠብቁኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ማግስት ጠዋት ይንከሱት። ለቤቱ ሰው ሁሉ ይስጡ፣ አንዱን ጠብሰው ደግሞ አባቴ መቃብር ላይ ያስቀምጡለት። ቺና ነክሳለች ይበሉት፤ እሱም ከእንግዲህ ይብላ።

ልጅዎ
ንድዋማቶ